አጠራጣሪ ሊንክ ከነካችሁ በኋላ፦ ወደ ፎርማት ከመሮጣችሁ በፊት

ቦሌ አራብሳ ይሁን ኮዬ ፈጬ ወይም ቱሉ ዲምቱ፣ ላፕቶፕ አስቸገረ ሲባል የሰፈሩ መልስ አንድ ነው፤ «ፎርማት አስደርገውና ተገላገል»። ጥገና ቤቱም ይህንኑ ይወዳል፤ ፎርማት ብዙ ማሰብ አይጠይቅም፣ ዋጋውም የታወቀ ነው። ችግሩ ፎርማት የሚያጸዳው ዲስኩን ብቻ መሆኑ ነው። አጭበርባሪ ገጽ ላይ ያስገባችሁት የጂሜይል ፓስወርድ፣ የተሰረቀው የቴሌግራም አካውንት፣ የሞባይል ባንኪንግ ሚስጥር ቁጥር ዲስኩ ላይ የለም። ሄዷል። እናንተ ላፕቶፑን አዝላችሁ የመገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ፣ የወሰደው ሰው በስማችሁ ለዘመድ አዝማዳችሁ «ትንሽ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» እያለ ነው።

ስለዚህ እዚህ ቅደም ተከተሉ ከለመድነው ይገለበጣል። መጀመሪያ ግንኙነት ይቆረጣል፤ ቀጥሎ በሌላ መሣሪያ አካውንቶቹ ይድናሉ፤ ኮምፒውተሩ የሚጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። ፎርማት ካስፈለገም መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ እሱም በትክክለኛው ዊንዶውስ። የምናገረው ስለ ዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ እዚህ አካባቢ ያለው ላፕቶፕ ከሞላ ጎደል እሱን ስለሚጠቀም።

መጀመሪያ ያደረጋችሁትን ለዩ

«ቫይረስ ገባብኝ» የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው «በትክክል ምን ነካህ?» ብዬ ነው። መልሱ የሚቀጥለውን ሥራ ሁሉ ይወስናል።

ሊንኩን ነክታችሁ ገጹ ተከፍቶ ወዲያው ከዘጋችሁት፣ ብራውዘራችሁም አፕዴት የተደረገ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አልሆነም። «ኖቲፊኬሽን ልላክ?» ብሎ ጠይቆ «አላው» ብላችሁ እንደሆነ ብቻ አስታውሱ፤ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ገጹ ላይ ፓስወርድ ወይም በስልክ የመጣ ኮድ ካስገባችሁ፣ ኮምፒውተሩ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የተነካው አካውንቱ ነው። ስካን እያደረጋችሁ ሰዓት አታባክኑ፤ በቀጥታ ወደ አካውንቶቹ ክፍል እለፉ።

ፋይል ወርዶ ካልከፈታችሁት፣ ሰርዙት፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጉ። በቃ።

ከፍታችሁት ከሆነ፣ በተለይ ዊንዶውስ ማያውን አጨልሞ «ይህ ፕሮግራም ኮምፒውተርህ ላይ ለውጥ ያድርግ?» ሲላችሁ «የስ» ካላችሁት፣ ከባዱ እሱ ነው። ከታች ያለው ሁሉ ይመለከታችኋል።

ከከባዱ ጋር የምመድበው አንድ ዘዴ አለ። ሰው ምንም ፋይል ስላላወረደ ደህና ነኝ ብሎ ይተኛል፤ ስለዚህ ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። ገጹ «ሮቦት አለመሆንዎን ያረጋግጡ» ይላል። ሳጥኑን ስትነኩ ሦስት መመሪያ ይወጣል፦ የዊንዶውስን ቁልፍና አርን አንድ ላይ ተጫኑ፣ ኮንትሮልና ቪን ተጫኑ፣ ኢንተር በሉ። ሳጥኑን በነካችሁበት ቅጽበት ገጹ አንድ ትእዛዝ በድብቅ ኮፒ አድርጎላችኋል፤ የዊንዶውስ ቁልፍና አር የትእዛዝ መስጫዋን መስኮት ይከፍታል፣ ኮንትሮልና ቪ ትእዛዙን ይለጥፋል፣ ኢንተር ያስነሳዋል። ቫይረሱን በገዛ እጃችሁ አስገባችሁት ማለት ነው። እውነተኛው ማረጋገጫ ሥዕል ያስመርጣል ወይም ሳጥን ላይ ምልክት ያስደርጋል እንጂ ኪቦርድ ላይ እንዲህ ተጫኑ ብሎ አያዝም።

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ኢንተርኔቱን ቁረጡ። እዚህ ዳር ዳሩ ላይ የቤት መስመር ያልገባበት ብሎክ ብዙ ነው፤ ላፕቶፑ የሚኖረው በስልክ ሆትስፖት ነው። ሆትስፖቱን ከስልኩ አጥፉት። ከላፕቶፑ ዋይፋይ ማጥፋትም ይቻላል፣ ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የገባው ነገር የላፕቶፑን ዋይፋይ መልሶ ሊያበራ ይችላል፤ ስልካችሁን ግን አያዝዘውም። የተሰካ ፍላሽና ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ካለ ንቀሉ።

ላፕቶፑን ማጥፋት አያስፈልግም፤ አንድ ሁኔታ ሲቀር። የፋይሎቻችሁ ስም መጨረሻ ላይ የማታውቁት ቃል እየተቀጠለ፣ ፎቶና ወርዶች አልከፈት እያሉ ከሆነ፣ ይህ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር ነው። ያን ጊዜ የፓወር ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙና አጥፉት። በዘገያችሁ ቁጥር የሚቆለፈው ይበዛል።

የመጣላችሁን መልእክትና የገጹን አድራሻ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በኋላ ባንክ ወይም ፖሊስ ዘንድ ከሄዳችሁ የሚጠየቀው እሱ ነው። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑ እስኪጸዳ ድረስ አንድም ፓስወርድ አይጻፍበት። የምትጽፉትን ፊደል ሁሉ የሚመዘግብ ነገር ገብቶ ከሆነ አዲሱንም ፓስወርድ ለሌባው እያስረከባችሁ ነው።

አካውንቶቹን በስልክ አድኑ

ኢሜይል ይቅደም። ሰው መጀመሪያ ፌስቡኩን ለማትረፍ ይሮጣል፤ ነገር ግን ኢሜይላችሁን የያዘ ሰው «ፓስወርድ ረሳሁ» እያለ የቀረውን በየተራ ይከፍተዋል። በስልካችሁ የጉግል አካውንት ማስተካከያ ውስጥ ግቡ፣ «ሴኪዩሪቲ» የሚለውን ክፈቱ፣ ፓስወርዱን ቀይሩ። ቀጥሎ «ዩር ዲቫይስስ» የሚለውን አይታችሁ የማታውቁትን መሣሪያ ሁሉ፣ የተጠረጠረውን ላፕቶፕም ጨምራችሁ፣ «ሳይን አውት» አድርጉ። እዚያው የመልሶ ማግኛ ስልክ ቁጥሩና ተለዋጭ ኢሜይሉ አሁንም የእናንተ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሰው የሚያልፈው ደግሞ የጂሜይል «ፎርዋርዲንግ» ነው፦ ሌባው የሚገባላችሁ ደብዳቤ ሁሉ ለእሱም እንዲደርሰው አድርጎ ሊወጣ ይችላል፤ ፓስወርድ ብትቀይሩም ደብዳቤው መሄዱን ይቀጥላል። ይህ ማስተካከያ በስልኩ አፕ ላይ አይገኝም። ጂሜይልን በስልኩ ብራውዘር በ«ዴስክቶፕ ሳይት» ከፍታችሁ ሴቲንግሱ ውስጥ ፈልጉት።

ቴሌግራም ሁለተኛ ነው። እኛ አገር ሥራውም ዕቁቡም የሚተላለፈው እዚያ ስለሆነ አጭበርባሪውም እዚያው ሰፍሯል። የተለመደው መንገድ «ለልጄ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ነው፤ ከምታውቁት ሰው ይመጣል፣ ምክንያቱም የዚያ ሰው አካውንት ቀድሞ ተወስዷል። ገጹ ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዚያ ቴሌግራም ራሱ የሚልክላችሁን የመግቢያ ኮድ። ኮዱን ስትሰጡ አካውንታችሁ ሌላ ስልክ ላይ ተከፈተ።

«ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ዲቫይስስ» ውስጥ ገብታችሁ «ተርሚኔት ኦል አዘር ሴሽንስ» በሉ። እዚህ ላይ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነው፦ አዲስ የገባ መሣሪያ የነባሩን ባለቤት ለማስወጣት 24 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። በዚያው ቀን ከደረሳችሁ ልታስወጡት ትችላላችሁ፤ በነጋታው ግን እሱ ሊያስወጣችሁ ይችላል። ቀጥላችሁ «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ» ውስጥ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» አብሩ፤ ከዚያ በኋላ ኮዱ ብቻውን አያስገባም።

ላፕቶፑ ላይ ፋይል የከፈታችሁ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር አላችሁ። ቴሌግራም ላፕቶፑ ላይ ተጭኖ ከነበረ፣ መረጃ ሰራቂ ፕሮግራሞች የቴሌግራሙን ፎልደር እንዳለ ገልብጠው ይወስዳሉ። ሌባው ፎልደሩን በራሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ኮድ አይጠየቅም፣ ሁለተኛው ፓስወርድም አይጠየቅም። ዝርዝሩ ላይም እንደ አዲስ መሣሪያ ሳይሆን እንደ እናንተው ላፕቶፕ ነው የሚታየው። ስለዚህ «ይሄ የራሴ ነው» ብላችሁ የላፕቶፑን መስመር አትለፉ፤ እሱንም አስወጡ፣ ሲጸዳ እንደገና ትገባላችሁ።

ብራውዘር ላይም ነገሩ ያው ነው። ክሮም «ፓስወርዱን ላስቀምጥልህ?» ሲል «አዎ» ያላችሁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ተወስዷል ብላችሁ አስቡ። በስልካችሁ የተቀመጡትን ዝርዝር ከፍታችሁ ገንዘብ ያለበትን፣ የሥራችሁን፣ ከዚያም የማኅበራዊ ሚዲያውን በየተራ ቀይሩ። አንድ ፓስወርድ አምስት ቦታ የምትጠቀሙ ከሆነ አምስቱም ቦታ ነው። ሲቀየርም መጨረሻው ላይ ቁጥር መጨመር አይደለም፤ ሌባውም ያንን ይሞክራል።

ገንዘብን በተመለከተ አጭር ነው፦ የባንክ ወይም የሞባይል ገንዘብ ሚስጥር ቁጥር ሰጥታችሁ ከሆነ ኢሜይልን እንኳ አትጠብቁ፤ መጀመሪያ ደውሉ። የንግድ ባንክ ደንበኛ 951፣ የቴሌብር ደንበኛ 127። አገልግሎቱ እንዲታገድ ጠይቁ፣ ብር ወጥቶ ከሆነ የግብይቱን ቁጥር ያዙ።

አሁን ወደ ላፕቶፑ

መብራት አስተማማኝ የሆነበትን ሰዓት ምረጡ። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ስካን መሃል ላይ ከጠፋ ከዜሮ መጀመር ነው፤ እኔ ሌሊት አድርጌው ነው የማድረው።

ሀ. ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። «ስታርትአፕ» የሚለው ውስጥ ዊንዶውስ ሲነሳ አብረው የሚነሱ ፕሮግራሞች ተዘርዝረዋል። አሳታሚው ያልተጻፈና ስሙ የተዘበራረቀ ፊደል የሆነውን «ዲሴብል» አድርጉ። ጥርጣሬ ከገባችሁም ዲሴብል አድርጉ፤ ስህተት ከሆነ መልሶ ማብራት ቀላል ነው።

ለ. «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ ከዚያ የተጫኑትን ዝርዝር በተጫኑበት ቀን ደርድሩ። ችግሩ በጀመረበት ቀን የገባውን የማታውቁት ፕሮግራም አንሱት። የሙከራ ጊዜው ያለፈ ጸረ ቫይረስ ካለም ይውጣ፤ አሮጌው ቦታውን ይዞ የዊንዶውስን የራሱን መከላከያ ሊያስቀር ይችላል።

ሐ. ይህ ጥገና ቤቶች የሚዘሉት ነው። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ ከዚያ «ማኔጅ ሴቲንግስ»፣ ታች ወርዳችሁ «ኤክስክሉዥንስ»። ይህ ጸረ ቫይረሱ «እንዳታይ» የተባለው ቦታ ዝርዝር ነው። እናንተ ያስገባችሁት ነገር ከሌለ ባዶ መሆን አለበት።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ጎረቤት አሉኝ። ላፕቶፓቸውን ይዘው መጡ፤ ብራውዘሩ በራሱ የቁማር ገጽ ይከፍታል።

«ጋሼ፣ መቼ ነው ፎርማት ያስደረጉት?» አልኳቸው።

«ባለፈው ሳምንት ነዋ ልጄ! ከፍዬ እኮ ነው።»

«ስካንስ አድርገውበታል?»

«አደረግሁ። ንጹሕ ነው ይለኛል።»

ኤክስክሉዥኑን ስከፍተው ሲ ድራይቭ ሙሉውን ተጽፎበታል። ዊንዶውስን ያለ ሕጋዊ ቁልፍ አክቲቬት ያደረገው ክራክ (ፈቃድ ሰባሪ ፕሮግራም) ሲጫን ራሱ የጻፈው ነው። ጸረ ቫይረሱ ቤቱን በሙሉ እንዳያይ ታዟልና «ንጹሕ ነው» ማለቱ አይገርምም። እዚያ ውስጥ ያለውን መስመር ሁሉ አስወግዱ፤ «ሪል ታይም ፕሮቴክሽን» እና «ታምፐር ፕሮቴክሽን» መብራታቸውን እያያችሁ እለፉ። አልበራም ካሉ ወይም ያስወገዳችሁት የኤክስክሉዥን መስመር ብቻውን ከተመለሰ፣ ወደ ፎርማቱ ክፍል የሚያስገባ ምልክት ነው።

መ. አሁን ኢንተርኔት ለአፕዴት ብቻ አገናኙ። «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ አዲሱን አውርዱ፤ ከቆየ ከመቶ ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ፓኬጃችሁን አስቡበት። እንዳለቀ መልሳችሁ ቁረጡ።

ሠ. «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ መጀመሪያ «ኦፍላይን ስካን» የሚለውን ምረጡ። ላፕቶፑ ሪስታርት ያደርግና ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ነው። ዊንዶውስ ሲሠራ የሚደበቅ ነገር እዚህ መደበቂያ ያጣል። ሲመለስ «ፉል ስካን» አስጀምሩና ተዉት፤ ሰዓታት ይወስዳል። የተገኘውን «ፕሮቴክሽን ሂስትሪ» ውስጥ ታያላችሁ፤ «ሪሙቭ» በሉት። ሁለተኛ ዓይን የሚፈልግ የማይክሮሶፍት «ሴፍቲ ስካነር» ነጻ ነው። አንዴ የወረደው ለ10 ቀን ብቻ ስለሚያገለግል ከሰው ፍላሽ ላይ የቆየ አትውሰዱ። ሁለት ሦስት ጸረ ቫይረስ ደራርቦ መጫን ግን ላፕቶፑን ማንቀራፈፍ እንጂ ጥበቃ አይጨምርም።

ረ. ብራውዘሩ። ኤክስቴንሽኖቹን፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የተጨመሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ክፈቱና ያልጫናችሁትን አንሱ። ቀጥሎ ቅድም በይደር ያቆየሁት «አላው» ነው፦ ከማያው ጥግ እየወጣ «ኮምፒውተርዎ ላይ 5 ቫይረስ ተገኝቷል» የሚለው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ አይደለም፤ ፈቃድ የሰጣችሁት ድረ ገጽ የሚልከው ማስታወቂያ ነው። በክሮም «ሳይት ሴቲንግስ» ውስጥ «ኖቲፊኬሽንስ» ገብታችሁ የማታውቁትን ሁሉ አጥፉ። ለዚህ ብቻ ሲባል ስንት ላፕቶፕ ፎርማት እንደሚደረግ ሳስብ ይገርመኛል። በመጨረሻ በዊንዶውስ ሴቲንግስ «ኔትወርክ» ውስጥ «ፕሮክሲ»ን እዩ፤ ኢንተርኔታችሁን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈው እሱ ነው፤ እናንተ ወይም መሥሪያ ቤታችሁ ያላስገባው አድራሻ በርቶ ከሆነ አጥፉት።

ፍላሽና ፎቶ ኮፒ ቤት

ሊንክ ባይነኩም ቫይረስ የሚገባበት ትልቁ በር ይህ ነው። ለሥራ ማመልከቻ ሲቪ ለማተም ፍላሹን ትሰጣላችሁ፤ ያ ኮምፒውተር በቀን ውስጥ የስንቱን ሰው ፍላሽ ይሰካል። ቤት መጥታችሁ ስትከፍቱት ሰነዶቹ የሉም፤ የፍላሹን ስም የያዘ አንድ ሾርትከት ብቻ፣ ጥግ ላይ ትንሽ ቀስት ያለበት፣ መጠኑ አንድ ሁለት ኪሎባይት። ሰው ደንግጦ ሁለት ጊዜ ይነካዋል። ቫይረሱ ወደ ላፕቶፑ የሚሻገረው ያኔ ነው፤ ቀጥሎ እውነተኛው ፎልደር ስለሚከፈት ምንም እንዳልተፈጠረ ይመስላል።

ሰነዶቹ አልጠፉም፤ ተደብቀዋል። ሾርትከቱን ሳትነኩ ዊንራርን ወይም ሰቨን ዚፕን ከስታርት ሜኑ ክፈቱ፣ ከውስጡ ሆናችሁ ወደ ፍላሹ ሂዱ። እነዚህ የተደበቀውንም ያሳያሉ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው፣ ባዶ ቦታ የሚመስል ፎልደር ታገኛላችሁ፤ ሰነዶቹ እዚያ ናቸው። ወርድ፣ ፒዲኤፍና ፎቶውን ብቻ ወደ ላፕቶፑ አውጡ፣ ሌላውን ተዉ። የወጣውን ስካን አድርጉ፣ ከዚያ ፍላሹን ፎርማት አድርጉት። ለፍላሽ ፎርማት ጥሩ ነው፤ እዚህ ላይ ከሰፈሩ ጋር እስማማለሁ።

ለወደፊቱ ከፍላሽ ይልቅ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጋችሁ ለፎቶ ኮፒ ቤቱ የቴሌግራም አድራሻ ላኩላቸው፤ ግድግዳቸው ላይ ለጥፈውታል። የእናንተን ቴሌግራም በእነሱ ኮምፒውተር ላይ መክፈት ግን አይሆንም።

ፎርማት የግድ ሲሆን

ያው ቫይረስ ከስካን በኋላ ከተመለሰ፣ ማውሱ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ፣ መከላከያው አልበራ ካለ፣ ወይም ራንሰምዌር ከነበረ፣ ፎርማት ይደረጋል። በራንሰምዌር የተቆለፉትን ፋይሎች ግን አትጣሉ፤ ለብቻ አስቀምጡ። «ኖ ሞር ራንሰም» የሚባል፣ የኔዘርላንድስ ፖሊስ፣ ዩሮፖልና የደህንነት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የጀመሩት ነጻ ድረ ገጽ አለ፤ ለአንዳንዱ ዓይነት መፍቻ ይሰጣል። ዛሬ ባይኖር ከወራት በኋላ ሊወጣ ይችላል። ለጠያቂው ገንዘብ መክፈል መፍቻው እንደሚመጣ ዋስትና የለውም።

ከፎርማት በፊት የሚተርፈው ሰነድ፣ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ነው። ዲ ድራይቭ ላይ «ሶፍትዌር» የሚል ፎልደር የሌለው ላፕቶፕ እምብዛም አይገኝም፤ ውስጡ ክራኩ፣ አክቲቬተሩ፣ የተሰበረው ኦፊስ አለ። ጥገና ቤቱ ሲን ብቻ አጽድቶ ዲን ይተዋል፣ ባለቤቱ ቤት ገብቶ ከዚያው ፎልደር መልሶ ይጭናል። ከዚያ «ፎርማት አድርጌም አልለቀቀኝም» ይላል። ያ ፎልደር ይሂድ።

ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት አውርዱ እንጂ ከሰው ፍላሽ አትቀበሉ። በሌላ ንጹሕ ኮምፒውተር «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን አውርዳችሁ፣ ባዶ የሆነ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ስጡት፤ የሚወርደው ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ የሌሊት ፓኬጅ ይሻላል። ዳታው ካልቻለ ሴቲንግስ ውስጥ «ሪሴት ዚስ ፒሲ» ብላችሁ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ»፣ ከዚያ «ሎካል ሪኢንስቶል» መምረጥ ይቻላል። ከባዱ ቫይረስ ከነበረ ግን በፍላሹ ነው የማምነው።

«አክቲቬት ማድረጊያውስ?» ትሉኛላችሁ። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2012 በኋላ፣ ዊንዶውስ ተጭኖበት ከፋብሪካ የወጣ ላፕቶፕ ሕጋዊው ቁልፍ እናት ቦርዱ ላይ አብሮት ተቀምጧል። ያገለገለ ተብሎ ከመርካቶ የተገዛ ላፕቶፕም ቁልፉን ይዞ ነው የሚመጣው። ትክክለኛውን ዓይነት፣ ብዙ ጊዜ «ሆም» የሚባለውን፣ ከጫናችሁ ኢንተርኔት ሲያገኝ በራሱ አክቲቬት ይሆናል። ጥገና ቤቱ ግን ለሁሉም «ፕሮ» ይጭናል፤ ቁልፉ ስለማይገጥም አክቲቬተር ያስፈልገዋል፣ ቫይረሱም በዚያ ይመለሳል። የከፈላችሁበትን ሕጋዊ ዊንዶውስ አውጥቶ የተሰረቀ ይጭንላችኋል ማለት ነው። ቁልፍ የሌለው ላፕቶፕ ቢሆን እንኳ አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት ያገኛል፤ ማያው ጥግ ላይ ጽሑፍ ይወጣል፣ የጀርባውን ሥዕል መቀየር ይከለክላል። ያ ከአክቲቬተሩ ይሻላል። ለኦፊስ ሊብረ ኦፊስ ነጻ ነው፣ አማርኛውንም በደንብ ይጽፋል።

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ላፕቶፑ 11ን የሚችል ከሆነ ፎርማት የምታደርጉበት ጊዜ የመቀየሪያውም ጊዜ ነው።

ሊንክ እንዴት ይነበባል

ኮምፒውተር ላይ ከስልክ የሚሻል ዕድል አለ፦ ማውሱን ሳትጫኑ ሊንኩ ላይ ብታሳርፉት ብራውዘሩ ታች በግራ በኩል እውነተኛውን አድራሻ ያሳያል። አድራሻው በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ በእኛ ፊደል ላስቀምጠው፦

ኤችቲቲፒኤስ://ቴሌብር.ኢቲ.ስጦታ-በዓል.ቶፕ/ሽልማት

ዓይን መጀመሪያ የሚያየው «ቴሌብር.ኢቲ» ነው፤ እንዲያይም ነው የተጻፈው። ማንበብ ያለባችሁ ግን ከመሃል ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ተያያዥ መስመሮች (//) ቀጥሎ የሚመጣውን ነጠላ ዝንባሌ መስመር (/) ፈልጉ፤ ከሱ በስተግራ ያሉት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቃላት ባለቤቱን ይናገራሉ። እዚህ «ስጦታ-በዓል.ቶፕ» ነው። ከዚያ በስተግራ ያለውን ሁሉ ባለቤቱ የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል፤ የባንክ ስምም ቢሆን። ኢትዮ ቴሌኮም «ኢትዮቴሌኮም.ኢቲ» ነው፤ ከነጠላው መስመር በፊት ያለው በዚህ ማለቅ አለበት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሆን «ጎቭ.ኢቲ» የሚለው ጫፍ ላይ ይመጣል፤ እንዲያም ሲሆን የመጨረሻዎቹን ሦስት ቃላት አንብቡ። የቁልፍ ምልክቱን አትመኑ፤ እሱ የሚናገረው መስመሩ የተመሰጠረ መሆኑን እንጂ ወዲያ ማዶ ያለው ሰው ታማኝ መሆኑን አይደለም። ሌባም በነጻ ያገኘዋል።

ከአድራሻው በፊት ግን ጠባዩ ያጋልጠዋል። «ለ10 ግሩፕ ሼር ያድርጉ» የሚል ስጦታ፣ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት፣ ከሥር «እኔም ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» የሚሉ የማይለወጡ አስተያየቶች። ዲቪ ደርሶዎታል የሚል ኢሜይልም እንዲሁ፤ የአሜሪካ መንግሥት ለዕድለኞች ኢሜይል አይልክም፣ አመልካቹ ራሱ በማረጋገጫ ቁጥሩ ገብቶ ነው የሚያየው።

እዚህ አዲስ ሰፈሮች ውስጥ የሚይዘን ሌላው የኮንዶሚኒየም ዕጣ ዝርዝር ነው። ስሙን የሚፈልግ ሰው «የዕጣ ዝርዝር.ፒዲኤፍ» የሚል ሲያይ አያመነታም። ዊንዶውስ የፋይል ስም መጨረሻን ስለሚደብቅ «የዕጣ ዝርዝር.ፒዲኤፍ.ኤግዚ» የሆነው ፋይል እንደ ፒዲኤፍ ይታያል፤ «ኤግዚ» ግን ሲነካ የሚነሳ ፕሮግራም ማለት ነው። ዘዴው ያረጀ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ዓለምን ያዳረሰው የ«አይ ላቭ ዩ» ቫይረስም ጽሑፍ መስሎ የመጣው በዚሁ ነበር። ፋይል ኤክስፕሎረር ውስጥ «ቪው»፣ «ሾው»፣ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ብላችሁ አብሩት። ከዛሬ ጀምሮ መጨረሻው ሁልጊዜ ይታያችሁ።

የቀረው ማሳወቅ ነው

ገንዘብ ከተወሰደ ፎቶዎቹን፣ የግብይት ቁጥሩንና ሰዓቱን ይዛችሁ ለፖሊስ አመልክቱ፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር ማጭበርበርን በወንጀልነት ደንግጎታል። ብሩ በየትኛው አካውንት እንደገባ ባንኩ ያውቃል፤ ቶሎ ካመለከታችሁ የማገድ ዕድል አለ።

ሊንኩ ከእናንተ አካውንት ለሰው ተልኮ ከሆነ ደግሞ ዝም አትበሉ። በቴሌግራም ብቻ አትጻፉ፤ አካውንቱ ገና በሌባው እጅ ከሆነ ያጠፋዋል። ለቅርብ ሰው ደውሉ፣ ለቀረው ኤስኤምኤስ ላኩ። ይህን ገልብጣችሁ መጠቀም ትችላላችሁ፦

«ሰላም፣ የቴሌግራም አካውንቴ ተጠልፎ ነበር። ከእኔ የደረሳችሁን ሊንክ አትክፈቱ፣ ብር ከተጠየቃችሁም አትላኩ። ከፍታችሁ ኮድ ያስገባችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ሴቲንግስ፣ ዲቫይስስ ገብታችሁ ሌሎቹን መሣሪያዎች አስወጡ። ካልገባችሁ ደውሉልኝ።»